በመስኮት የተማሩ እጆች

የከተማችንን ስም አልናገርም። ብናገር የአገሬ ሰው "አዋረድከን" ብሎ ይቀየመኛል፤ የጎረቤት ከተማ ሰው ደግሞ "እኛ ጋ የሆነውን ሰርቆ ነው" ይለኛል። ከሁለቱም ጋር መጣላት አያዋጣኝም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱሪ የሚያሳጥር ሁሉ ደንበኛዬ ነው። ሱቄ ከጤና ጣቢያው አጥር ጋር ተጣብቃ ስለምትገኝ ያየሁትን አይቻለሁ፤ ያላየሁትን ሲስተር አስካለ ራሷ ነግራኛለች። ከነገረችኝ ላይ አልጨመርኩም። ጨመርክ የሚለኝ ካለ ሄዶ እሷን ይጠይቃት፤ ደፋር ከሆነ።

በሽታው የመጣብን ከክረምቱ በፊት ነው። የበላይ አካል ረጅም ስም አውጥቶለት ነበር። ስሙን አንብቦ ለመጨረስ ግን ትንፋሽ ያጥራል፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ደግሞ ተጠርጥሮ ለይቶ ማቆያ ይገባል። ሦስት መምህራንና አንድ የሬዲዮ ሰው በዚሁ ምክንያት ከገቡብን በኋላ፣ ሳሉ ደረቅ ነውና "ደረቁ" ብለን ተገላገልን።

ወዲያው አዋጅ ወጣ፤ በሰውና በሰው መካከል አንድ ዘንግ ይሁን ተባለ። ዘንጉ ከበላይ ተለክቶ፣ ተጠርቦ፣ ማኅተም ተመትቶበት መጣ። "የዘንግ ሹም" የሚባል ሹመት ተፈጠረና ጋሽ ደርበው ተሾሙበት። ጋሽ ደርበው ቀድሞ የእርሻ ወሰን የሚለኩ፣ ጉንዳን እንኳ ረግጠው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ከተሾሙም በኋላ አልረገጡም፤ ጉንዳኖቹ ተጠጋግተው ሲሄዱ ሲያዩ ግን ቅር ይላቸው ነበር። ገበያው ጩኸት በጩኸት ሆነ። በዘንግ ርቀት ቆሞ ዋጋ የሚከራከር ሰው መጮህ ስላለበት፣ የማን ቤት ሽንኩርት እንዳለቀ ከተማው ሁሉ አወቀ። በባልና በሚስት መካከልም ዘንግ ይግባ ተብሎ ነበር፤ አልጋው ስላልበቃ ጉዳዩ ለጥናት ተላለፈ።

ከአንቀጾቹ አንዱ "ዘመድ ዘመዱን አያክምም" ይላል። ምክንያቱም ተጽፏል፤ ዘመድ ዘመዱን ሲያይ ዘንጉን ይረሳል። እውነት ነው፤ ይህን አንቀጽ ያወጣው ሰው እናት እንዳለው ያስታውቃል። ሲስተር አስካለን እንቅልፍ የነሳት ይኸው አንቀጽ ነው።

ሲስተር አስካለ ሠላሳ አንድ ዓመት አዋላጅ ሆና ሠርታለች። የከተማችን ግማሽ ሰው መጀመሪያ ያየው የእሷን ፊት ነው፤ ሲቆጡት ቶሎ የሚደነግጠው ግማሽ ማለቴ ነው። ያን ጊዜ ከሥሯ የነበሩት አዋላጆች ገሚሶቹ በደረቁ ተይዘው ተኝተዋል፤ ገሚሶቹ ወደባሰበት አገር ተወስደዋል። አንድ ልጇ ብዙአየሁ ደግሞ የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው። እናት ልጇን እንዳታዋልድ አዋጁ ከልክሏል። ሌላ አዋላጅ የለም። ከበላይ የመጣው ደብዳቤ ሲስተር አስካለ በጤና ጣቢያው የቀሩትን ስድስት ሠራተኞች የጨቅላ ሕፃን እንክብካቤ በሁለት ወር እንድታስተምር ያዛል። እነዚያ ስድስቱ ቁስል የሚያጥቡ፣ ክትባት የሚወጉ፣ መድኃኒት የሚያድሉ፣ ካርድ የሚያወጡ ናቸው። እሷም ደብዳቤውን እንዳነበበች የገባት ነገር አንድ ነው። የልጅ ልጇን የሚቀበለው እጅ ከነዚህ ከአሥራ ሁለቱ እጆች አንዱ ነው።

"በይ እንግዲህ አስካለ" አለች ለራሷ፤ ለእኔም፣ አጥሩ ላይ ተደግፋ።

የመጀመሪያው ጣጣ የመማሪያ ክፍሉ ነበር። ጋሽ ደርበው ገብተው በዘንጋቸው ለኩት። ስድስት ሰው ይይዛል።

"ስድስት ናቸው፤ ደስ ይላል" አለች አስካለ።

"ከአንቺ ጋር ሰባት ትሆናላችሁ።"

"ታዲያ አስተማሪዋ እኮ እኔ ነኝ!"

ጋሽ ደርበው አሰቡበት። ሰው ማስከፋት አይወዱም። "አየሽ ሲስተር፣ ትምህርቱ የተፈቀደው ለተማሪዎቹ ነው። ከሰባታችሁ ትምህርቱን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ስለዚህ ትርፏ አንቺ ነሽ" አሉና መስኮቱን ከፈቱላት። ከመስኮቱ ውጭ ከእግሯ ሥር የለስላሳ ሣጥን አኖሩላት፤ አጭር መሆኗን ያውቃሉ። እሷም ሁለት ወር ሙሉ ሣጥን ላይ ቆማ፣ ጀርባዋን ፀሐይ እየለበለባት፣ በመስኮት አስተማረች።

ሁለተኛው ጣጣ አሻንጉሊት ነው። ሕፃን ማስተንፈስ የሚለማመዱበት አሻንጉሊት ከውጭ ታዞ ነበር፤ መንገድ ስለተዘጋ ቀረ። አስካለ ወደ እኔ መጣች። የፍየል ሌጦ አለፋሁ፣ ሰፋሁ፣ ሆዷን በጥጥ ሞላሁ፣ ደረቷ ውስጥ የተበሳ የኳስ ውስጠኛ ጎማ ለጥፌ ቀበርኩ። በአፏ አየር ሲገባ ደረቷ ከፍ ይላል። መልኳ አላማረም፤ አንዱ ዓይኗ የካፖርት ቁልፍ፣ ሌላው የሸሚዝ ነው። ተማሪዎቹ "ሌጦ" ብለው ስም አወጡላት። ስም ማውጣታቸው ጥፋት ሆነ፤ ስም ያለው ሁሉ በአዋጁ ውስጥ ነው።

"ይቺ ልጅ ማስክ ታድርግ" አሉ ጋሽ ደርበው።

"አፏን ከሸፈንናት በምን ትተነፍሳለች?"

"አሁንስ ትተነፍሳለች?"

"አትተነፍስም! እሱን እኮ ነው የምናስተምረው!"

"እንግዲያው ማስኩ አይጎዳትም" አሉ። በመጨረሻ ሌጦ ማስኳን አገጯ ላይ አውርዳ እንድትማር ተፈቀደ፤ የከተማው ሰውም ሁሉ የሚያደርገው እንደዚያው ነበር።

ትምህርቱ ረጅም አይደለም። ልጅ ሲወለድ አድርቀው፤ እርጥቡን ጨርቅ ጣለው፤ በደረቅ ጠቅልለው። ካለቀሰ እናቱ ደረት ላይ አስተኛው፣ ጡት ያግኝ፤ እናትየው ደረቁ ቢኖርባት እንኳ ማስኳን አድርጋ፣ እጇን ታጥባ ትቀፈው። ካላለቀሰ ጀርባውን እሸው። እምቢ ካለ ጭንቅላቱን አስተካክል፣ አየር የሚነፋውን የጎማ ፊኛ አፍ በአፉና በአፍንጫው ላይ ግጠም፣ ፊኛውን ጨመቅ አድርግ፣ ደረቱ ከፍ ማለቱን እይ። ይህ ሁሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መጀመር አለበት። አስካለ ይህን በቀን አርባ ጊዜ ትላለች። እኔ ራሴ ከመርፌ ቀና ሳልል በቃሌ ያዝኩት፤ ሚስቴ በእንቅልፌ "ደረቱን እይ!" ብዬ እንደጮህኩ ነግራኛለች፤ ጥናት ላይ ያለው አልጋችን ውስጥ ማለት ነው።

ከስድስቱ መሀል አያልነህ የሚባል ቁስል አጣቢ አለ። ግዙፍ ነው። እጁን ብታዩት፣ አምላክ ሁለት ሰው ሊሠራበት ያሰበውን ጭቃ ለአንድ ሰው እጅ የጨረሰው ይመስላል። ዓይን አፋር ከመሆኑ የተነሳ ሲናገር ጫማውን ነው የሚያየው። በሁለተኛው ሳምንት ፊኛውን ተቀብሎ ሌጦ አፍ ላይ ገጠመና ጨመቀ። ጧ! አለ። የሌጦ ደረት ፈነዳ፤ ጥጧ ክፍሉን ሞላው።

"ምን አድርገህ ነው?" ጮኸች አስካለ በመስኮቱ፣ ከሣጥኑ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። "ከነፍስ ጋር እኮ ነው የምትጫወተው! ቢላዋ ይዘህ ብትመጣ ይሻልህ ነበር!"

አያልነህ ጥጡን እየለቀመ አለቀሰ። ያ ሁሉ ሰውነት በአንድ ጊዜ ሲያለቅስ ማየት ያስጨንቃል። አስካለ መስኮቱን ተደግፋ ወደ ውስጥ ጎንበስ አለች። ከዚያ ለማንም ተናግራ የማታውቀውን ነገር በዚያ መስኮት ተናገረች።

"ከብዙአየሁ በፊት ወንድ ልጅ ወልጄ ነበር። አላለቀሰም። ቤቱ ውስጥ አምስት ሴቶች ነበሩ፤ አምስቱም እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ። አንዷ ውሃ ላፍላ ብላ ወጣች። አንዷ ማርያምን ተማጸነች። እኔ ተኝቼ አያለሁ። ማንንም አልወቅስም፣ የሚያውቅ አልነበረም። የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቢኖር!" አለችና ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። "አያልነህ፣ አሁን አንተ የሚያውቀው ሰው ነህ። አታልቅስብኝ። ተማርልኝ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አያልነህ ከሥራ ሲወጣ ወደ ሱቄ ይመጣል። ሌጦን ሰፍቼ አድኛት ነበር። ፊኛውን በሁለት ጣት፣ በሁለት ጣት ብቻ እየጨመቀ እስኪመሽ ይለማመዳል፤ እኔ ደረቷን አይቼ "ከፍ አለ" "አላለም" እለዋለሁ። ቢሆንም አስካለ አላመነችውም። ደግ ልጅ ነው ትላለች፤ ለቁስል። ብዙአየሁ ምጥ ሲይዛት የእሱ ተራ እንዳይሆን ግን ስለት ተሳለች።

በወሩ መጨረሻ መድኃኒት አዳዩ ሚጥሚጣ ትን ብሎት አሳለው። ጋሽ ደርበው እንደ ሕጉ ንክኪ ያለውን ሁሉ መዘገቡ፤ መድኃኒት አዳዩ ብቻውን ተቀምጦ ነበርና ንክኪ ያላት ሌጦ ብቻ ሆና ተገኘች። አሥራ አራት ቀን ለይቶ ማቆያ ገባች። ለገባ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ ይቀርባል፤ ለእሷም ቀረበ። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሲመለስ "ጤንነቷ እየተሻሻለ ነው" ተብሎ ተጻፈ። የጥበቃው ሰው በዚያ አሥራ አራት ቀን ቀበቶው ላይ ሁለት ቀዳዳ ጨመረ፤ የበሳሁለት እኔ ነኝ።

ሌጦ እስክትፈታ ተማሪዎቹ በዱባ ተለማመዱ። ዱባ ማድረቅ፣ ዱባ መጠቅለል፣ ዱባ ማቀፍ። አያልነህ የራሱን ዱባ ቤቱ ወሰደ። ሚስቱ ለቅዳሜ ወጥ ልትከትፈው ቢላዋ ስታነሳ "ተይው! ይበርደዋል!" ብሎ ጮኸባት፤ እሷም እናቷ ዘንድ ሄዳ ሦስት ቀን አደረች።

በሰባተኛው ሳምንት ከበላይ ተመልካች መጣ። ስድስቱን አሠለፈና ሥሩ አላቸው። ሠሩ። ተመልካቹ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። በየአገሩ ያየው ሁሉ የፊኛውን አፍ በግራ እጁ ይዞ በቀኙ ይጨምቃል። የእኛዎቹ ስድስቱም በቀኝ ይዘው በግራ ይጨምቃሉ።

"በዚህ ከተማ ግራኝነት አለ እንዴ?" አለ።

አስካለ ሣጥኑ ላይ ሆና ክው አለች። ሰባት ሳምንት ሙሉ ፊት ለፊት ቆማ በመስኮት አሳይታቸዋለች፤ እነሱም እንደ መስታወት ገለበጧት። እጇን በሄደበት ነው የተከተሉት። ተመልካቹ "ግራኝነት በወረርሽኝ መልክ እየተዛመተ ነው" ብሎ ጽፎ ሄደ፤ በሳምንቱም የከተማው ነዋሪ በየትኛው እጁ እንደሚጎርስ የሚጠይቅ ቅጽ ደረሰን።

አስካለ ልታርማቸው ሞከረች። ጀርባዋን ሰጥታ ብታሳያቸው የሚያዩት ነጠላዋን ሆነ። በቀኝ እንዲጨምቁ ብታዛቸው ተደናበሩ፣ ዘገዩ፣ ደቂቃው አለፈ። በመጨረሻ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደገፈች።

"ደረቱ ከፍ ይላል?" አለች።

"ይላል፣ ሲስተር።"

"እንግዲያው ተዉት። ሕፃኑ የትኛው እጅ እንደሆነ አይጠይቃችሁም። እኔንም አትዩኝ፤ ከእንግዲህ ደረቱን ብቻ እዩ።"

ብዙአየሁን ምጥ የያዛት በገበያ ቀን፣ ረፋድ ላይ ነው። አስካለ ልጇን ደግፋ ከጤና ጣቢያው በር አደረሰቻት፤ ከዚያ ወዲያ በአዋጁ መግባት አትችልም። የተረኛውን ስም ሰሌዳው ላይ አየች። አያልነህ ይላል።

ተንደርድራ ጋሽ ደርበው ጋ ሄደች። "ጋሽ ደርበው፣ በሞቴ፣ ተራውን ይለውጡልኝ።"

"ሲስተር፣ መለወጥ ይቻላል" አሉ፤ እያዘኑ አዋጁን ገለጡ። "ያለ ተራው የሚገባ ሰው ግን አስቀድሞ አሥራ አራት ቀን ተለይቶ መቆየት አለበት። ብዙአየሁ ትጠብቃለች?"

"ጋሽ ደርበው!"

"አውቃለሁ ልጄ። አውቃለሁ።" ዘንጋቸውን አንስተው ወደ ማዋለጃው ክፍል መስኮት ሄዱ። ዘመድ መቆም የሚችለው ከመስኮቱ ሦስት ዘንግ ርቆ ነው። ለኩ። እኔ አጥሬ ላይ ነበርኩና አይቻለሁ፤ ዘንጉን አጋድመው፣ አንዱን ወደ ግራ አንዱን ወደ ቀኝ እያጣመሙ ለኩ። ሦስት ዘንግ ተብሎ በኖራ የተሰመረው መስመር ከመስኮቱ ሁለት እርምጃ አይሞላም። "እንግዲህ ሕግ ሕግ ነው" አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

አስካለ መስመሩ ላይ ቆመች። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ብርድ እንዳይገባ መዝጋት ያስተማረቻቸው ራሷ ናት። ልጇ ስትጮህ ይሰማታል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላ ሰው ልጅ ጩኸት ስትሰማ አንድ ቀን ሥራዋን አቋርጣ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ቆማ ነጠላዋን ትፈታለች፣ መልሳ ታጣፋለች።

ስድስት ሰዓት ላይ ልጁ ተወለደ። ወንድ። ሰማያዊ ነው፣ ዝልፍልፍ ያለ። ድምፅ የለም።

አያልነህ አደረቀው። እርጥቡን ጣለ፣ በደረቅ ጠቀለለ። ጀርባውን አሸው። የለም። ብዙአየሁ "ለምን አያለቅስም? ለምን አያለቅስም?" ስትል በመስታወቱ በኩል ይሰማል። ጠረጴዛው ላይ አስተኛውና ፊኛውን አነሳ። አፉን በቀኝ እጁ ገጠመ፣ በግራው ጨመቀ። ደረቱ አልተነሳም።

አስካለ አየችው። አገጩ ወደ ታች ወድቋል፣ አየሩ አይገባም። "አገጩን!" ብላ ጮኸች። "ቀና አድርገው! አያልነህ! ወደዚህ እይ!" እጇን አውለበለበች፣ አገጯን ወደ ላይ እያነሳች አሳየች፣ ዘለለች። አያልነህ አልሰማም። ቀናም አላለም። ከመስመሩ አንድ እግሯ አለፈ፤ ጋሽ ደርበው አዩ፣ ዞረው ሰማዩን ማየት ጀመሩ። በሩን ሰብራ ትግባ? ስትገባ፣ ስትታጠብ፣ ደቂቃው አይጠብቅም። ያ የድሮ ቤት መጣባት፤ አምስቱ ሴቶች፣ የተከፈተው አፋቸው። ቆማ ከማየት በቀር ምንም የማትችልበት ቦታ ላይ ዳግመኛ ቆማለች።

ያን ጊዜ አያልነህ ፊኛውን ከልጁ ፊት ላይ አነሳ። ማንንም አላየም። በእነዚያ በግዙፍ ጣቶቹ የልጁን አገጭ እንቁላል እንደሚይዝ ሰው ቀስ ብሎ ቀና አደረገ። እንደገና ገጠመ። በሁለት ጣት፣ በሁለት ጣት ብቻ ጨመቀ።

ደረቱ ከፍ አለ። ደግሞ ከፍ አለ። አስካለ ስትቆጥር እኔም አጥሬ ላይ አብሬ ቆጠርኩ። ሃያ ላይ እግሩ ተንቀሳቀሰ። ሠላሳ ሳንደርስ ሰማያዊው ወደ ቀይ ዞረ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ አለቀሰ። አቤት ሲያለቅስ! ሱቄ ውስጥ ሱሪ የሚጠብቀው ደንበኛዬ ሳይቀር "ተመስገን" አለ።

አስካለ ወደ መስኮቱ ሮጠች፤ መስመሩ የት እንዳለ የሚያስብ አልነበረም። መስታወቱን በጣቷ አንኳኳች። እየደጋገመች አንኳኳች። አያልነህ ልጁን እናቱ ደረት ላይ አስተኝቶ፣ ጋቢ ደርቦባቸው፣ መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ከፈተ።

"አሳየኝ፣ የኔ ጌታ። ወደዚህ አምጣልኝ፤ አንዴ ብቻ ፊቱን ልየው።"

አያልነህ ጫማውን አየ። "አይሆንም፣ ሲስተር።"

"ምን?"

"እዚህ ብርድ አለ። ከእናቱ ደረት አላወርደውም።"

"አያቱ እኮ ነኝ! አስተማሪህ እኮ ነኝ!"

"ያወቅሁትም ከእርስዎ ነው" አለና መስኮቱን ዘጋባት። ቀስ ብሎ ነው የዘጋው፤ ግን ዘጋው።

አስካለ ከመስታወቱ ፊት ዞር አለች። ቀጥሎ ያደረገችውን አይቼ ያመማት መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው የምታለቅሰው። ከግቢው ወጥታ ከገበያ የሚመለሰውን ሰው ሁሉ እያስቆመች "አያልነህ አባረረኝ! መስኮት ፊቴ ላይ ዘጋብኝ!" ትላለች። ሰው ምን ይወቅ፤ የሰማው የተጣሉ መሰለው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወሬው ከተማውን አዳረሰ፤ አሥር ሰዓት ላይ ሦስት ሽማግሌዎች፣ እርስ በርሳቸው አንድ አንድ ዘንግ ተራርቀው፣ አያልነህን ከፊት አስቀድመው ለዕርቅ መጡ። አያልነህ አንገቱን ደፍቷል።

"አስካለ፣ ይህ ልጅ ምን በደለሽ?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

"የልጅ ልጄን አሞቀብኝ" አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ብዙ ጠብ አስታርቀዋል፤ እንዲህ ያለ ክስ ግን ሰምተው አያውቁም። ትልቁ ጉሮሯቸውን ሊጠርጉ ብለው ለይቶ ማቆያው ትዝ ሲላቸው ተዉት።

"እህ... ካሳው እንግዲህ ምን ይሁንልሽ?"

አስካለ ወደ አያልነህ ሄደች፤ የማንንም ፈቃድ አልጠየቀችም። እነዚያን ሁለት ግዙፍ እጆች በትንንሽ እጆቿ ያዘቻቸው።

"ብዙአየሁ ገና ወጣት ናት" አለች። "የሚቀጥለውንም እሱ ይቀበልልኝ።"